መዝገብ በጎደለበት የቆመው ሰው
የሻሸመኔ ቤት ሻጭና ገዢ ከደላላ የሚጠብቁት፣ ትናንትና ዛሬ

ሻሸመኔን ያሳደጋት መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ የተጓዘው አስፋልት እዚህ ሲደርስ ይከፋፈላል። አንዱ በሐዋሳ አድርጎ ወደ ሞያሌ ይወርዳል፤ አንዱ ወደ ወላይታ ሶዶና አርባ ምንጭ ይሄዳል፤ አንዱ ደግሞ በኮፈሌና በዶዶላ ወደ ባሌ ይወጣል። ድንች የሚጭነው፣ እህል የሚያራግፈው፣ ከወንዶ ገነት ጫት ይዞ የሚመጣው ሁሉ በዚህች ከተማ ያልፋል፤ ከሚያልፈውም መካከል ሁልጊዜ የሚቀር አለ። የቀረው ሰው መጀመሪያ ቤት ይከራያል፣ ሲደላው ይገዛል። በዚህ የተነሳ ሻሸመኔ ላይ ቤት የሚሸጠውና የሚገዛው ብዙ ጊዜ አይተዋወቁም፤ ሰፈራቸው፣ ቋንቋቸው፣ ዘመዳቸው ይለያያል። በመካከላቸው የሚቆመው ደላላ ነው።

ስለ ደላላ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ኮሚሽን ይሄዳል፤ ስንት በመቶ ወሰደ፣ ዋጋው ላይ ስንት ጨመረ ይባላል። ጉዳዩ ግን ከዚያ ይሰፋል። ሰው ለደላላ የሚከፍለው ቤቱን ስላሳየው ብቻ አይደለም። ቤቱ በእርግጥ የማን እንደሆነ፣ ዕዳ ወይም እገዳ እንዳለበት፣ ሚስት ወይም ወራሽ ነገ መጥቶ ይከራከር እንደሆነ እንዲነግረው ጭምር ነው የሚከፍለው። እነዚህ ጥያቄዎች ከመዝገብ ላይ መልስ ሊያገኙ የሚገቡ ናቸው። የአገራችን የቤት ታሪክ ደግሞ በአንድ በኩል ያ መዝገብ በየዘመኑ እየታሰበ ሳይሟላ የቀረበት ታሪክ ነው። መዝገቡ የጎደለበትን ቦታ ደላላው ሞላው። ሻጭና ገዢ ከእሱ የሚፈልጉትን ለመረዳት ይህን መንገድ ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል።

ከሽማግሌ እስከ ካርታ

በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ስለ መሬትና ስለ ይዞታ ክርክር ሲነሳ ዳኛውም ምስክሩም የአገር ሽማግሌ ነበር። ድንበሩን የሚያውቀው እዚያው የኖረ ሰው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አርሲ በምኒልክ ጦር ከተያዘ በኋላ ግን ሥርዓቱ ተለወጠ። መሬት በጋሻ እየተለካ ለሹማምንት፣ ለወታደርና ለቤተ ክህነት ተሰጠ፤ ብዙው ባለ አገር በገዛ መሬቱ ላይ ገባር ሆነ። ከዚያ ወዲህ የመሬት መብት በአገሬው ምስክርነት ብቻ የሚጸና መሆኑ ቀረ፤ ከመንግሥት በሚገኝ ስጦታና በግብር ደረሰኝ የሚታወቅ ሆነ።

በከተማ የቦታና የቤት ይዞታ የሕግ መልክ እየያዘ የመጣው በአዲስ አበባ ነው። በ1900 ዓ.ም. የወጣው የከተማዋ የመሬት ሕግ ቦታ በግል እንዲያዝ፣ እንዲሸጥና እንዲለወጥ መሠረት ጣለ። በአዋጅ ቁጥር 74/1937 ደግሞ የማዘጋጃ ቤት አስተዳደር በየክፍለ አገሩ ላሉ ከተሞች በሕግ ተደነገገ። የቦታ ካርታ፣ የቤት ግብር፣ የማዘጋጃ ቤት ፋይል የሚሉት ነገሮች ወደ ክፍለ አገር ከተሞች የደረሱት በዚህ አኳኋን ነው። ዛሬም ሻሸመኔ ላይ ነባር ቤት የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው “ካርታ አለህ?” ተብሎ ነው።

ያለ ደላላ የተገኘ መሬት

የሻሸመኔን ስም ዓለም ያወቀው በአንድ የመሬት ስጦታ ምክንያት ነው። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በ1940 ዓ.ም. ገደማ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ኢትዮጵያን ለረዱ በውጭ ለሚኖሩ ጥቁሮች ምስጋና ይሆን ዘንድ አምስት ጋሻ መሬት፣ በግምት 200 ሄክታር፣ ለኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽን ሰጡ። ማኅበሩን በ1929 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ የመሠረቱት ዶክተር መላኩ በያን ነበሩ። በ1940ዎቹ መጨረሻ የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ከካሪቢያን አገሮች መጡ፤ ኋላ ከጃማይካ የመጡ ራስታዎች ተከተሏቸው። የሰፈሩም ስም ጃማይካ ሰፈር ሆኖ ቀረ።

እነዚህ ሰዎች መሬቱን ለማግኘት ደላላ አላስፈለጋቸውም፤ በንጉሥ ቃል ነው የተሰጣቸው። ሆኖም 1967 ዓ.ም. ሲመጣ የንጉሡ ቃል ከንጉሡ ጋር ወደቀ፤ መሬቱ እንደ ሌላው መሬት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ከዚያ በኋላ በአገሪቱ ለዓመታት ኖረው፣ ልጅ ወልደው፣ ቤት ሠርተው ሳለ የብዙዎቹ የነዋሪነት ሁኔታ ሳይወሰን ቆየ። መንግሥት የነዋሪነት መታወቂያ እንደሚሰጣቸው ያስታወቀው በ2009 ዓ.ም. ነው። መሬት ይዞ፣ ቤት ሠርቶ፣ ነገር ግን የሚያጸናው ሰነድ በእጁ ሳይኖር መኖር ምን ያህል ሥጋት እንደሆነ የዚህ ሰፈር ሰዎች በሚገባ ያውቁታል። ቤት ገዢም ደላላውን ሲጠይቅ የሚሸሸው ያንኑ ሥጋት ነው።

የ1952ቱ ተስፋ

1952 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የውል ታሪክ ትልቅ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት የወጡት የፍትሐ ብሔር ሕግና የንግድ ሕግ ለዛሬው የቤት ሽያጭ መልክ የሰጡ ናቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ቁጥር 1185 ደግሞ ባለቤትነቱ ከሻጭ ወደ ገዢ የሚዞረው በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ሲጻፍ ነው ይላል። ስለዚህ መዝገብ አያያዝ ሕጉ ከቁጥር 1553 ጀምሮ ረጅም ክፍል ሰጥቶ በዝርዝር ደንግጓል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ገጽ ይኖረዋል፤ ባለቤቱ፣ ዕዳው፣ መያዣው በዚያ ይሰፍራል የሚል ራእይ ነበረው።

ያ ክፍል ግን ወደ ሥራ አልገባም። የዚያው ሕግ የመሸጋገሪያ ድንጋጌ፣ ቁጥር 3363፣ መዝገቡ ወደፊት በነጋሪት ጋዜጣ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ እንዲቆይ አደረገው። እስከዚያው እንዲሠራበት የተተወው በየማዘጋጃ ቤቱ የነበረው የፋይልና የካርታ ልማድ ነው።

በዚሁ ዓመት የወጣው የንግድ ሕግ ቁጥር 56 ደላላን እንደ ነጋዴ ቆጠረው። ራሱን ችሎ፣ ሙያዬ ብሎ፣ ጥቅም ለማግኘት ተዋዋዮችን እየፈለገ የሚያገናኝ ሰው ነው ደላላ። በዚያ ሕግ ክፍያው የሚገባውም ያገናኛቸው ሰዎች ሲዋዋሉ ነበር፤ ውሉ ኋላ ሳይፈጸም ቢቀር እንኳ መብቱ አይነካም ነበር። ይህ ደንብ ለቡና፣ ለእህል፣ ለጭነት ንግድ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ለቤት ግን አንድ ክፍተት ጥሎ አለፈ። ደላላው የሚከፈለው ሁለቱ ሲፈራረሙ ነው፤ ገዢው ግን ቤት የሚኖረው ስም ሲዛወርለት ነው። በእነዚህ በሁለቱ ቀናት መካከል ያለው ጊዜ የማንም ኃላፊነት አልሆነም። ገበያው ውስጥ ዛሬ የምንሰማው ሮሮ አብዛኛው ከዚህ ክፍተት የሚመነጭ ነው።

ገበያው የጠበበበት ዘመን

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤትና እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ ብቻ ተፈቀደለት። ቤት ማከራየት የግለሰብ ሥራ መሆኑ ቀረ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ የተወረሱ ቤቶች ወደ ቀበሌ ዞሩ፤ የአነስተኛ ቤቶች ኪራይም ተቀነሰ። ለብዙ ተከራይ ይህ እፎይታ ነበር። ቤት ሠርተው በኪራይ ይኖሩ ለነበሩ፣ በተለይ ለአሮጊቶችና ለባልቴቶች፣ የሕይወት ዘመን ልፋት በአንድ ቀን የሄደበት ነበር።

በዚያ ዘመን የቤት ገበያ እጅግ ጠበበ፤ ደላላም በአዲሱ ሥርዓት ዓይን የአቆርቋዥ ምሳሌ ሆኖ ነበር የሚታየው። ገበያው ቢጠብም የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ግን አልቀረም። የትኛው ቤት እንደተወረሰ፣ የትኛው ለባለቤቱ እንደተመለሰ፣ ምትክ ቦታ ማን እንዳገኘ የሚያስታውስ ሰው በየሰፈሩ ይጠየቅ ነበር። የዛሬው ነባር ደላላ እውቀት ሥሩ እዚያ ይደርሳል።

ከተማዋ በእጥፍ ስታድግ

ከ1983 በኋላ ገበያው ተመለሰ፤ መሬቱ ግን የመንግሥት እንደሆነ ቀጠለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የሕዝብና የመንግሥት ሀብት መሆኑን ደነገገ። የሊዝ አዋጆች በ1986፣ በ1994 እና በ2004 ተከታትለው ወጡ። በ1987 የሕዝብ ቆጠራ 52,080 የነበረው የሻሸመኔ ነዋሪ በ1999ኙ ቆጠራ 100,454 ደረሰ። በ12 ዓመት ሊታጠፍ የተቃረበ ከተማ ውስጥ ሽማግሌ ሁሉን ሰው ሊያውቅ አይችልም። አራዳ የኖረ ሰው አቦስቶ ላይ ያለውን ባለ ቤት አያውቀውም፤ አወሾ የተሠራውን አዲስ ቤት ታሪክ የኩየራ ሰው ሊነግርህ አይችልም።

ሌላም ነገር ተለወጠ። ነባሮቹ ካርታዎችና ውሎች በአማርኛ የተጻፉ ናቸው፤ በኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ከሆነ በኋላ የወጡት ደግሞ በቁቤ ነው የተጻፉት። ከሌላ ክልል የመጣ ገዢ አንዱን ያነባል፣ ሌላውን አያነብም። ደላላው እንግዲህ አገናኝም፣ አስተርጓሚም፣ የቢሮ መሪም ሆነ። ልጇ ዓረብ አገር ወይም ደቡብ አፍሪካ ሆኖ ገንዘብ የሚልክላት እናት ቤት ስትገዛ፣ የምትተማመነው በእሱ ነው። ውክልናው ትክክል መሆኑን፣ ቤቱ በማን ስም እንደሚዛወር፣ ነገ ወንድማማች የሚያጣላ ነገር እንዳይኖር የምትጠይቀው እሱኑ ነው።

ሻጭ የሚፈልገው

ሻጭ በመጀመሪያ የሚፈልገው የምር ገዢ ነው። በየቀኑ ሰው እያመጣ ጓዳውን የሚያስጎበኝ ደላላ ያሰለቸዋል። ከዚያ እውነተኛ ዋጋ ይፈልጋል። እዚህ ላይ የደላላውና የሻጩ ጥቅም ይለያያል። በተለመደው 2 በመቶ ቢታሰብ ሦስት ሚሊዮን ብር የሚሸጥ ቤት ለደላላው ከአንዱ ወገን 60,000 ብር ያስገኝለታል። ሌላ ወር ታግሶ 200,000 ብር ጭማሪ ቢያመጣ ለሻጩ ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ለደላላው ግን የሚጨምርለት 4,000 ብር ብቻ ነው። ስለዚህ “ይህ ገዢ አያምልጥህ” የሚለው ምክር ሁልጊዜ ለሻጩ የታሰበ ላይሆን ይችላል።

በሦስተኛ ደረጃ ሻጭ ምስጢሩ እንዲጠበቅ ይፈልጋል። ቤቱን የሚሸጠው ለሕክምና፣ ለዕዳ፣ ለፍቺ ወይም ለውርስ ክፍፍል ሊሆን ይችላል። የቸገረው መሆኑ ገበያ ከወጣ ዋጋው ይወድቃል። ሰኔ 2012 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ሻሸመኔ ላይ ብዙ ቤትና ንብረት መቃጠሉ ይታወሳል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚሸጥ ሰው የመደራደር አቅም የለውም። በሰው ፍርሃት ላይ ዋጋ መቁረጥ ሕግ ባይከለክለውም ነውር መሆኑን ማንም ያውቃል፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ የከተማው ደላላ ስሙን የሚያተርፈውም የሚያጠፋውም በዚህ ነው።

ገዢ የሚፈልገው

ገዢው የሚፈልገው ጥል የሌለበት ቤት ነው። “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” የሚለውን እየደጋገመ ይመጣል፤ ጥርጣሬውም መሠረት አለው። የቤተሰብ ሕጉ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የባልም የሚስትም ስምምነት ያስፈልጋል ይላል፤ ያልተስማማው ተጋቢ ሽያጩ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ገዢው የሻጩን የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ ማየት ይፈልጋል። ቤቱ ከአባት የተወረሰ ከሆነ የወራሾች ሁሉ ፊርማ ያስፈልገዋል። ባንክ በመያዣ ይዞት እንደሆነ፣ ፍርድ ቤት አግዶት እንደሆነ፣ በከተማው ፕላን ላይ መንገድ ያልፍበት እንደሆነ፣ ካርታው ላይ ያለው ካሬና መሬቱ ላይ ያለው አጥር ይገጥሙ እንደሆነ ማጣራት ይፈልጋል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ በከተማው ዳር ያለው ነው። የገጠር መሬት በሕግ የሚሸጥ አይደለም። ሆኖም በከተማ ዳር ያለ ገበሬ ከተማው እየመጣበት መሆኑን ሲያይ፣ በካሳ ከሚሰጠው በተሻለ ዋጋ ለግለሰብ ቆርሶ ይሰጣል። ውሉ በስጦታ ወይም በብድር ስም ይጻፋል። በዚያ ቦታ የሚሠራው ሰነድ አልባ ቤት፣ ሕዝቡ ጨረቃ ቤት የሚለው፣ ሲፈርስ ገዢው ገንዘቡንም ቤቱንም ያጣል፤ ገበሬውም መተዳደሪያውን ሸጦ ጨርሷል። ያገናኛቸው ደላላ ግን ድርሻውን አስቀድሞ ወስዷል። ደግ ደላላ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። “ይህን አትግዛ” ብሎ የገዛ ኮሚሽኑን የሚያስቀር ሰው ከተማው ውስጥ አለ፤ ደንበኞቹም ልጆቻቸውን ሲድሩና ሲያቋቁሙ ወደ እሱ ነው የሚመለሱት።

በቀብድና በስም ማዛወር መካከል

ብዙው ጉዳት የሚደርሰው ገንዘብ በሚንቀሳቀስባቸው በእነዚያ ሳምንታት ነው። ቀብድ የሚሰጠው በመንደር ውል፣ በሁለት ምስክር ፊት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ሰው ይህን ያውቃል፤ ዋጋ በፍጥነት በሚጨምርበት ዘመን ግን እጥፍ መልሶ ለሌላ መሸጥ የሚያዋጣው ሻጭ አይታጣም።

በ1999 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ፣ በቁጥር 1723 መሠረት ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል የጸና እንዳልሆነ ተርጉሟል። በወቅቱ ውሳኔው ብዙዎችን አስደንግጧል፤ ገንዘብ ከፍለው፣ ገብተው ዓመታት የኖሩበት ቤት ውሉ ስላልተመዘገበ ብቻ አከራካሪ ሊሆን ነው። የሕግ ባለሙያዎች ክርክር ከዚያ በኋላም አላበቃም። ለተራው ገዢ ግን ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ውል አረጋጋጩ አካል ዘንድ ያልደረሰ ወረቀት አያስተኛም። ይህን ለገዢው አስቀድሞ መንገር የደላላው ግዴታ መሆን ነበረበት። ብዙ ጊዜ ግን የሚሰማው “መጀመሪያ ቀብዱን እንጨርስ” የሚል ነው።

አንድ ሰው ከሁለቱም ወገን ሲከፈለው ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ሻጩ እስከ ስንት ዝቅ እንደሚል፣ ገዢው እስከ ስንት ከፍ እንደሚል የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ከላይ አስቀምጦ መሸጥ የሚባለው፣ ሻጩ ካለው በላይ ያለውን ልዩነት ለራሱ የሚያስቀርበት አሠራር የሚወለደው ከዚህ ምስጢር ነው።

ከሌላ አገር የሚገኝ ትምህርት

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤት ወኪሎች ሕግ ወኪሉ በቤቱ ላይ የራሱ ጥቅም ካለው አስቀድሞ እንዲናገር፣ የደንበኛን ገንዘብም ከራሱ ለይቶ በልዩ ሂሳብ እንዲያስቀምጥ ያስገድዳል። በዚያው አገር ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንኛውም ሰው ጥቂት ክፍያ ከፍሎ አንድ የተመዘገበ ቤት የማን እንደሆነ ከመሬት መዝገብ ማየት ይችላል። በአሜሪካ ለረጅም ዘመን ከ5 እስከ 6 በመቶ የቆየው የኮሚሽን ልማድ በፍርድ ቤት ክርክር ተናግቶ፣ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገዢው ከወኪሉ ጋር ስለ ክፍያው አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲስማማ ሆኗል። ሦስቱም እርምጃዎች የተወሰዱት የደላላን ሥራ ለማጥፋት አይደለም። ሥራው በግልጽነትና በኃላፊነት እንዲሆን ነው።

በእኛም አገር መንገዱ ተጀምሯል። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 የካዳስተር ምዝገባን አስጀምሯል፤ በ1952 የታሰበው ያ መዝገብ ከ54 ዓመት በኋላ በሌላ ስም ተመለሰ ማለት ነው። በ2013 አዲሱ የንግድ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243 ወጥቷል። በ2017 ደግሞ የሪል ስቴት ልማትን፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትንና ግመታን የሚመለከት አዋጅ ጸድቋል።

ሊሆን የሚገባው

ሻሸመኔ ያሉ ሻጭና ገዢ ከደላላ የሚፈልጉት ሲጠቃለል ሦስት ነገር ነው። እውነቱን እንዲነግራቸው፣ ለማን እንደሚሠራ እንዲያሳውቃቸው፣ እስከ መጨረሻው አብሯቸው እንዲቆይ። ሦስቱም ደግሞ ትልቅ ወጪ አይጠይቁም።

አንደኛ፣ የደላላው ክፍያ በሁለት ይከፈል። ትንሹ ድርሻ ውል ሲፈረም፣ ትልቁ ድርሻ ስም ሲዛወር ይሁን። ይህን ሕግ እስኪለወጥ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሻጭና ገዢ ከደላላው ጋር አስቀድመው በጽሑፍ ሊስማሙበት ይችላሉ። ደላላው የሚከፈለው ስም ሲዛወር ከሆነ፣ ዕዳና እገዳውን ቀድሞ የሚያጣራው እሱ ራሱ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ከሁለቱም ወገን የሚከፈለው ደላላ ይህንኑ ለሁለቱም ይናገር፤ ዋጋውም ሦስቱ ባሉበት ይነገር። ከላይ ማስቀመጥ የሚጠፋው ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ሲገናኙ ነው።

ሦስተኛ፣ የከተማው አስተዳደር ፋይሉን ለገዢ ይክፈት። ውል ከመፈረሙ በፊት፣ በሻጩ ፈቃድ፣ ቤቱ በማን ስም እንደሆነ፣ ዕዳና እገዳ እንዳለበት፣ በፕላን ተነክቶ እንደሆነ የሚገልጽ ማረጋገጫ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም፣ በአጭር ቀን የሚሰጥበት መስኮት ቢኖር፣ ደላላ ብቻውን የያዘው እውቀት የሁሉ ይሆናል። ሰነድ በቃጠሎ ወይም በሌላ አደጋ የጠፋበት ሰውም መብቱን በአንድ ሰው ትውስታ ላይ አይጥልም።

ይህ ሲሆን ደላላው ሥራውን አያጣም። ሻሸመኔ የመንገድ ከተማ ናትና እንግዳ ሁልጊዜ ይመጣል፤ የሚመራው ሰውም ሁልጊዜ ይፈልጋል። ዋጋ የሚያውቅ፣ ሰፈሩን የሚያውቅ፣ የሁለት ወገን ቋንቋ የሚችል፣ ሰው የሚያስማማ ሰው ሙያው የተከበረ ነው፤ ለዚያም ሊከፈለው ይገባል። ሊቀር የሚገባው፣ ቤተሰብ ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን ገንዘብ በአንድ ሰው ቃል ብቻ አምኖ የሚያወጣበት ሁኔታ ነው። የመዝገቡን ድርሻ መዝገቡ ይወጣ፤ የደላላውን ድርሻ ደላላው ይወጣ። ለ1952ቱ ሕግ አውጪዎች የታያቸው ይህ ነበር፤ የዛሬው ትውልድ ደግሞ ለመፈጸም የሚያስችለው ሕግም መሣሪያም በእጁ አለ።